የፈተና ጭንቀት፦ ምልክቶቹ፣ በውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ እና መፍትሔዎቹ

የፈተና ጭንቀት ማለት አንድ ተማሪ ከፈተና በፊት፣ በፈተናው ሰዓት ወይም ውጤት በሚጠብቅበት ጊዜ የሚሰማው ከመጠን ያለፈ ፍርሃትና ስጋት ሲሆን፣ ያጠናውንና የሚያውቀውን እንዳያወጣ ያግደዋል። ከፈተና በፊት ትንሽ መደንገጥ የማንም ሰው ባሕርይ ነው። ችግር የሚሆነው ስጋቱ እንቅልፍ ሲነሳ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ጥናት ሲያስተው ወይም ፈተና ክፍል ውስጥ አእምሮን ባዶ ሲያደርግ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ውጤትን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ተማሪው ራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ቤተሰብ እንዴት እንደሚረዳና ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ያብራራል።

በአጭሩ

• የፈተና ጭንቀት የስንፍና ወይም የእውቀት ማነስ ምልክት አይደለም። ጎበዝ ተማሪዎችንም ይይዛል።
• ጭንቀቱ ሊታከም የሚችል ነው። ብዙ ተማሪዎች በልምምድና በምክር ብቻ ይሻላቸዋል።
• ጥሩ የአጠናንና የአፈታተን ዘዴ ይረዳል፤ ጭንቀቱ ከባድ ከሆነ ግን ዘዴው ብቻውን አይበቃም።
• ጫት፣ ብዙ ቡና ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ማረጋጊያ መድኃኒት ችግሩን ያባብሳል።
• ተማሪው ስለ ሞት ማውራት ወይም ራሱን መጉዳት ከጀመረ ፈተናው እስኪያልፍ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሕክምና ሊያገኝ ይገባል።

በሰውነትና በአእምሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

አንጎላችን አደጋ የመጣ ሲመስለው ሰውነትን ለመሮጥ ወይም ለመታገል ያዘጋጃል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ይህ ምላሽ ከአውሬ ለማምለጥ ይጠቅም ነበር። ለሒሳብ ጥያቄ ግን መሮጥም መታገልም አይረዳም።

ተመራማሪዎች የፈተና ጭንቀትን ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የሰውነት ስሜት ነው፤ የልብ ምቱ፣ ላቡና መንቀጥቀጡ። ሁለተኛው የሐሳብ ስጋት ነው፤ «ብወድቅስ? ቤተሰቤን ምን እላለሁ? ሌሎቹ ጨርሰዋል፣ እኔ ገና ነኝ» የሚለው በውስጥ የሚመላለስ ንግግር። ውጤትን ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው እንደሆነ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ምክንያቱም ይህ ነው፤ አንድን ጥያቄ ስንሠራ ቁጥሮችን፣ ቀመሩንና የጥያቄውን ሐሳብ ለጥቂት ሰከንዶች በአእምሯችን እንይዛለን። ይህ ጊዜያዊ የማስታወስ ቦታ ጠባብ ነው። ስጋቱ ገብቶ ግማሹን ከያዘው ለጥያቄው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ተማሪው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብቦ የማይገባው ወይም ትናንት ማታ የሠራው ቀመር «የሚጠፋበት» ለዚህ ነው። ከፈተና ክፍል ወጥቶ በር ላይ ሲደርስ መልሱ ትዝ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እውቀቱ አልጠፋም፤ ማውጫው ነው የተዘጋው።

ትንሽ ጭንቀት ግን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባደረጉት ሙከራ ላይ የተመሠረተው ሐሳብ መጠነኛ መነቃቃት ሥራን እንደሚያሻሽል፣ ከመጠን ያለፈ መነቃቃት ግን በተለይ ከበድ ያለውን ሥራ እንደሚያበላሽ ይገልጻል። ስለዚህ የሕክምናው ዓላማ ፍርሃትን ጨርሶ ማጥፋት ሳይሆን ልክ ማስያዝ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በሰውነት ላይ፦ የልብ ምት መፍጠን፣ ማላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ተቅማጥ፣ የአፍ መድረቅ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ እንቅልፍ ማጣት።

በሐሳብ ላይ፦ ትኩረት ማጣት፣ ያጠኑት መጥፋት፣ ራስን ከሌሎች ጋር ማወዳደር፣ ገና ፈተናው ሳይጀመር ውድቀትን ማየት።

በጠባይ ላይ፦ ጥናትን ከዛሬ ነገ ማለት፣ ደብተር ገልጦ ሰዓታት ማሳለፍ ግን ምንም አለመያዝ፣ መነጫነጭ፣ ከሰው መራቅ፣ በፈተና ቀን «አመመኝ» ብሎ መቅረት።

ጥናትን ማስተላለፍ ብዙ ጊዜ እንደ ስንፍና ይታያል። ነገር ግን የሚፈራውን ነገር የሚሸሽ ሰው ለጊዜው ስለሚቀለው መሸሹን ይለምዳል። ባጠና ቁጥር ስጋቱ ስለሚነሳ ተማሪው ከመጽሐፉ ይርቃል፤ ባልተዘጋጀ ቁጥር ደግሞ ስጋቱ ይጨምራል።

ጭንቀት ነው ወይስ የዝግጅት ጉድለት?

ይህንን መለየት ወሳኝ ነው፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና። ቤት ውስጥ ያለ መጽሐፍ ጥያቄ ሲሠራ በደንብ የሚመልስ፣ ፈተና ላይ ግን የሚያበላሽ ተማሪ ዋና ችግሩ ጭንቀቱ ነው። ቤትም ቢሆን መጽሐፉን ዘግቶ መመለስ የማይችል ተማሪ ደግሞ ትምህርቱ አልገባውም ወይም የአጠናን ዘዴው አልሠራለትም። የእርሱ ጭንቀት «አልተዘጋጀሁም» የሚል ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ላይ ሁለቱም ተደራርበው ይገኛሉ።

ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። ያለፈ ዓመት ፈተና ወስዳችሁ በመጀመሪያ ያለ ሰዓት፣ ተረጋግታችሁ፣ መጽሐፍ ሳትገልጡ ሥሩ። በሌላ ቀን ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ፈተና በሰዓት ተወስናችሁ እንደ እውነተኛው ፈተና ሥሩ። የመጀመሪያው ውጤት ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው በጣም ካነሰ ችግሩ በጭንቀት ወይም በሰዓት አጠቃቀም በኩል ነው። ሁለቱም ዝቅተኛ ከሆኑ ትምህርቱ ላይ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሬይ ሄምብሪ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ 562 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መርምረው ነበር። ያገኙት ውጤት ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ የፈተና ጭንቀት ውጤትን ይቀንሳል፣ ጭንቀቱ በሕክምና ሲቀንስ ውጤት ይሻሻላል፣ የአጠናን ሥልጠና ብቻውን ግን ጭንቀትን አይቀንስም። ጭንቀት ላለበት ልጅ «በርትተህ አጥና» የሚለው ምክር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ለጭንቀት የሚያጋልጡ ሁኔታዎች

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ክብደቱ ከባድ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚሰጠው ፈተና ዩኒቨርሲቲ መግባትንና አለመግባትን ይወስናል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች በአብዛኛው ከትምህርት ቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው ይፈተናሉ። ይህም ኩረጃን ለመከላከል የተወሰደ እርምጃ ነው። ሆኖም ከቤቱ ወጥቶ ለማያውቅ ልጅ አዲስ መኝታ፣ አዲስ ምግብና የማያውቀው ሰው በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል።

ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቋል። እነዚህ ቁጥሮች በብዙ ቤት ውስጥ ፍርሃትን ጨምረዋል። ነገር ግን በሌላ በኩልም ሊነበቡ ይገባል። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ማለፊያውን ሳያገኝ ሲቀር ጉዳዩ የአንድ ልጅ የጭንቅላት ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የትምህርት ጥራት፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት፣ ጦርነትና መፈናቀል ሁሉም ድርሻ አላቸው። ልጁ የቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን የዚህን ሁሉ ሸክም ለብቻው ተሸክሞ ወደ ፈተና እንዳይገባ መርዳት ያስፈልጋል።

ሌሎች አጋላጭ ሁኔታዎች፦

• ከዚህ በፊት ፈተና ላይ መውደቅ ወይም በውጤት ምክንያት መዋረድ
• በቤተሰብ ውስጥ የጭንቀት ሕመም መኖር
• «የቤታችን ተስፋ አንተ ነህ» የሚል የማያቋርጥ ጫና
• ድብርት፣ የትኩረት ማነስ ችግር ወይም ያልታወቀ የእይታና የመስማት ችግር
• እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ፣ በቤት ውስጥ ጠብ

ውጤትን የሚያሻሽሉ የአጠናን ዘዴዎች

ራስን መፈተን። ብዙ ተማሪዎች ደብተራቸውን ደጋግመው በማንበብ ወይም በመሸምደድ ያጠናሉ። ደጋግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጥተው ነበር። ጽሑፉን አራት ጊዜ ያነበቡት ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት ግን 61 በመቶ ያህሉን አስታውሰዋል። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና ያስታወሳችሁትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን አስተካክሉ።

ይህ ዘዴ ለጭንቀትም ይረዳል። ጥያቄ ፊት መቀመጥን በየቀኑ የለመደ ተማሪ በፈተናው ቀን አዲስ ነገር አይገጥመውም።

አከፋፍሎ ማጥናት። አንድን ትምህርት በአንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከማጥናት በስድስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ማጥናት ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ምዕራፍ ከመጀመር የተጠናውን መከለስ ይሻላል።

እንደ እውነተኛው ፈተና መለማመድ። ሞዴል ፈተና ስትሠሩ ስልክ አርቁ፣ ሰዓት ያዙ፣ መካከል ላይ አትነሡ። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ከሆነ ቀደም ብሎ በኮምፒውተር መለማመድ ያስፈልጋል። ከአይጥና ከቁልፍ ሰሌዳ ጋር የመጀመሪያ ትውውቅ በፈተናው ቀን መሆን የለበትም።

መተኛት። የተማርነው ነገር በአንጎል ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ካነበበው የተሻለ ያስታውሳል።

በፈተናው ሰዓት የሚረዱ ዘዴዎች

1. መመሪያውን አንብቡ። ስንት ጥያቄ እንዳለና ስንት ደቂቃ እንደተሰጠ አስሉ። ለምሳሌ 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ 2 ደቂቃ ይደርሰዋል። ለመጨረሻ ማረጋገጫ 10 ደቂቃ አስቀሩ።

2. ከሚቀለው ጀምሩ። አንድ ጥያቄ ካልተገለጠላችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። የመጀመሪያዎቹን ቀላል ጥያቄዎች መመለስ ልብን ያረጋጋል።

3. የዘለላችሁትን አትርሱ። በወረቀት ፈተና ጥያቄ ዘልሎ መልሱን በቀጣዩ ቁጥር ላይ ማጥቆር የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። በየአሥሩ ጥያቄ የጥያቄውንና የመልስ ወረቀቱን ቁጥር አመሳክሩ።

4. ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት መልሱን ለማሰብ ሞክሩ። ከዚያ በግልጽ የተሳሳቱትን ምርጫዎች አስወግዱ። ከአራት ምርጫ ሁለቱን ማስወገድ ከቻላችሁ የማግኘት ዕድላችሁ ከ25 በመቶ ወደ 50 በመቶ ያድጋል።

5. የተሳሳተ መልስ ነጥብ በማይቀንስበት ፈተና ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

6. «የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ትክክል ነው» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ለብዙ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ተማሪዎች መልስ ሲቀይሩ ከትክክል ወደ ስሕተት ከሚሄዱት ይልቅ ከስሕተት ወደ ትክክል የሚሄዱት ይበዛሉ። ግልጽ ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ ከሆነ ተዉት።

7. ሌሎች ቀድመው ሲወጡ አትደንግጡ። ቶሎ መውጣት የማወቅ ምልክት አይደለም።

አእምሮ ባዶ ሲሆን ምን ይደረግ?

እርሳሱን ወይም እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ሁለት እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። በአፍንጫችሁ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፣ ከዚያ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ይህንን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ቀጥሉ። ረዘም ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ያቀዘቅዛል። ትከሻችሁንና መንጋጋችሁን ልቀቁ። ከዚያ የምታውቁትን አንድ ቀላል ጥያቄ ፈልጋችሁ ሥሩ፤ ከአንዱ ቀጥሎ ሌላው ይመጣል።

ይህ አተነፋፈስ የሚሠራው አስቀድሞ ከተለመደ ነው። ከፈተናው ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ተለማመዱት።

የልብ ምታችሁን በጥሩ መተርጎምም ይረዳል። «ልቤ እየመታ ነው፣ አለቀልኝ» ከማለት «ሰውነቴ እየተዘጋጀልኝ ነው» ማለት ስጋቱን ይቀንሳል።

አንዳንድ ተማሪዎች ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ፍርሃታቸውን በወረቀት ላይ መጻፍ ይረዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህ ዘዴ የሚጨነቁ ተማሪዎችን ውጤት እንዳሻሻለ ገልጾ ነበር፤ በኋላ ሙከራው ሲደገም ግን ተመሳሳይ ውጤት አልተገኘም። ምንም ወጪና ጉዳት ስለሌለው በሞዴል ፈተና ላይ ሞክራችሁ ከረዳችሁ ቀጥሉበት።

ምግብ፣ ቡና፣ ጫት እና መድኃኒት

ምግብ። በፈተናው ቀን ሰውነታችሁ የለመደውን ምግብ በመጠኑ ብሉ። አዲስ ወይም ቅባት የበዛበት ምግብ ሆድ ሊያውክ ይችላል። የምትጾሙ ከሆነ ማታ በሚፈቀደው ሰዓት በቂ ምግብና ውኃ መውሰድ ይረዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ተማሪ ስለ ጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ያማክር።

ቡና። አንድ ሲኒ ቡና ለለመደ ሰው ችግር የለውም። ነገር ግን ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ማታ የተጠጣ ቡና እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትንና መንቀጥቀጥን ይጨምራል። ይህም ከጭንቀት ጋር ተደምሮ ይከብዳል።

ጫት። ብዙ ተማሪዎች ለጥናት ብለው ጫት ይጀምራሉ። በምርቃናው ሰዓት ብዙ የገባቸው ይመስላቸዋል። ጫት ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ እንቅልፍ ይከለክላል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት፣ መነጫነጭና ዱካክ ይከተላሉ። በፈተና ሳምንት ጫት በማይገኝበት ግቢ ውስጥ የገባ ሱሰኛ ተማሪ ደግሞ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ትኩረት ማጣት ይገጥመዋል። የሚቅም ተማሪ ከፈተናው ሳምንታት ቀደም ብሎ ቢያቆም ይመረጣል።

መድኃኒት። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ማረጋጊያዎች እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ማስታወስን ይቀንሳሉ፣ ሱስም ያስይዛሉ። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ያቀዘቅዛል፣ አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ እንጂ የጥናት መድኃኒት አይደለም፤ ሱስ ያስይዛል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ጓደኛ የሰጠውን ወይም ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የተገዛ መድኃኒት ለፈተና ብላችሁ አትውሰዱ።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

ልጁ ስለ ፈተናው ሲያወራ መፍትሔ ከመስጠታችሁ በፊት አድምጡት። «ምን ያስፈራሃል፣ አጥንተህ የለ እንዴ?» ከማለት «ምኑ ነው ይበልጥ የከበደህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከጎረቤት ልጅ ወይም ከታላቅ ወንድምና እህት ጋር አታወዳድሩት። «እኔ ለአንተ ብዬ ስንቱን አየሁ» የሚለው ንግግር ከፍቅር ቢመጣም ልጁ ጆሮ ላይ እንደ ዕዳ ይሰማል። በፈተናው ሳምንት የሚያስፈልገው ዕዳ ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ለማጥኛ ጸጥ ያለ ሰዓት ስጡት። በተለይ ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራው ሁሉ የሚጠብቃቸው ከሆነ፣ ቢያንስ በፈተና ወራት ሥራውን ሌላው የቤተሰብ አባል ይካፈል። ይህ ከሚገዛ አጋዥ መጽሐፍ ያላነሰ እርዳታ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚሄድ ልጅ ዕቃውን አብራችሁ አዘጋጁ፦ መታወቂያና የመፈተኛ ካርድ፣ የሚለብሰው፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው፣ ምን እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ የሚገልጸው መመሪያ። ስልክ ስለማይፈቀድ ለቀናት ድምፁን ላትሰሙ እንደምትችሉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጎበዝ የነበረ ልጅ ድንገት ሲደክም አንዳንድ ቤተሰብ «ዓይን በላው» ይላል። ወደ ጸበል ወይም ወደ ጸሎት መውሰድ ለብዙ ልጆች መጽናኛ ይሆናል፤ ከሕክምናም ጋር አይጣላም። አደጋው ሕክምናው ለወራት ሲዘገይ ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ የታዘዘ መድኃኒት ካለም አይቋረጥ።

ከሁሉም በላይ ከውጤቱ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ንገሩት፦ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ቤቱ ቤቱ ነው። ይህንን ውጤት ከወጣ በኋላ ከመናገር አስቀድሞ መናገር ይበልጥ ዋጋ አለው። ሌሎች መንገዶችንም አብራችሁ አንሡ፤ የሪሜዲያል ፕሮግራም፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ በድጋሚ መፈተን። አማራጭ እንዳለ የሚያውቅ ልጅ በፈተናው ሰዓት እንኳ ቀለል ይለዋል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የሚከተሉት ካሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፦

• ጭንቀቱ ከፈተናው ውጪም በየቀኑ የሚቀጥል ከሆነ
• ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጣ
• ድንገት ልብ የሚመታበት፣ ትንፋሽ የሚያጥርበትና «ልሞት ነው» የሚያሰኝ የፍርሃት ማዕበል የሚደጋገም ከሆነ
• ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ
• ለመረጋጋት ጫት፣ አልኮል ወይም መድኃኒት መጠቀም ከጀመረ
• ሌላው የማይሰማው ድምፅ መስማት ወይም ያለ ምክንያት ሰውን መጠራጠር ከጀመረ

የፈተና ጭንቀትን የሚያሳይ የደም ወይም የራጅ ምርመራ የለም። ሐኪሙ ምልክቶቹ መቼ እንደጀመሩ፣ ከፈተና ጋር ብቻ የተያያዙ መሆናቸውን፣ እንቅልፍን፣ ስሜትንና የሚወሰዱ ነገሮችን ይጠይቃል። የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትና የደም ማነስ ተመሳሳይ የልብ ምትና ድካም ስለሚያመጡ የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ይበልጥ ውጤታማ ሆኖ የተገኘው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። ባለሙያው ተማሪው «ከወደቅሁ ሕይወቴ አበቃ» የሚለውን ዓይነት ሐሳብ እንዲመረምርና እውነቱን እንዲያመዛዝን ይረዳዋል። ከዚያ ጋር የሚፈራውን ሁኔታ ከትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲለማመድ ያደርጋል፤ በመጀመሪያ በቤት አጭር ፈተና፣ ቀጥሎ በክፍል ውስጥ፣ በመጨረሻ ሙሉ ሞዴል ፈተና። የሰውነት ማፍታቻና የአተነፋፈስ ልምምድም ይካተታል። ብዙ ጊዜ የተወሰኑ ሳምንታት ይወስዳል፤ ስለዚህ በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብሎ መጀመር ይገባል።

ባለሙያ በአቅራቢያ ከሌለ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ተማሪው የሚያምነው መምህር የልምምዱን ክፍል ሊያግዝ ይችላል። መድኃኒት የሚታዘዘው በአብዛኛው ከፈተና ጭንቀቱ ጀርባ ድብርት ወይም ሌላ የጭንቀት ሕመም ሲኖር ነው።

አስቸኳይ ሁኔታ

ውጤት የሚወጣባቸው ቀናት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ሞቼ ባረፍኩ»፣ «ያለ እኔ ይሻላችኋል» የሚል ንግግር፣ ዕቃን ለሰው ማከፋፈል፣ ስንብት የሚመስል መልእክት መላክ ወይም ድንገት ዝም ብሎ መገለል የአደጋ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ልጁ ብቻውን የተሸከመውን እንዲናገር በር ይከፍታል።

ብቻውን አትተዉት። በቤት ውስጥ ያሉ መድኃኒቶችንና ፀረ-ተባይ ኬሚካሎችን ከእጁ አርቁ። በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይህን አገልግሎት ይሰጣል። አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይችላሉ።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

የፈተና ጭንቀት የእብደት መጀመሪያ ነው?
አይደለም። በጣም የተለመደና የሚሻል ችግር ነው። ሕክምና ፈልጎ መሄድም ልጁ «አብዷል» ማለት አይደለም።

በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ማጥናት ይሻላል ወይስ መተኛት?
መተኛት። ማታ አጭር ማስታወሻ አይታችሁ፣ የነገውን ዕቃ አዘጋጅታችሁ ተኙ። እንቅልፍ ቢዘገይም ጋደም ብሎ ማረፍ በራሱ ይጠቅማል፤ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ማነስ ብቻውን የወራት ጥናትን አያጠፋም።

ፈተና ከወጣን በኋላ መልስ ማመሳከር ጥሩ ነው?
ሌላ ፈተና ከቀረ አይመከርም። ያለፈውን መቀየር አይቻልም፤ የሚቀጥለውን ግን ያበላሻል። ተመሳክሮ የሚታየው ሁሉም ካለቀ በኋላ ይሁን።

ልጄ ወድቋል፣ አሁን ምን ልበለው?
በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ቀጣዩ ዓመት አታንሡ። አብራችሁት ብሉ፣ አብራችሁት ሁኑ፣ ሰው መጥቶ «ስንት አመጣህ?» ብሎ እንዳያስጨንቀው ተከላከሉለት። ኀዘኑ ቀለል ሲል ከመምህሩ ጋር ሆናችሁ የጎደለው ዝግጅቱ ነው ወይስ ጭንቀቱ የሚለውን ለዩ። ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው ከዚህ መልስ ነው።